እንግሊዝ አገር ለሚኖርና ሊመጣ ላሰበ፦ ሁሌ የሚጠየቁ ጥያቄዎችና እንዴት እንደምትላመዱ

አዲስ የመጣ ሰው እዚህ እንግሊዝ አገር የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት አይለወጡም። ንጉሡ ሥራው ምንድነው? መታጠቢያው ላይ ለምን ሁለት ቧንቧ ለየብቻ አለ? ሰዉ ለምን በሆነ ባልሆነው ሶሪ ይላል? ለሻይ ተጠርቼ ሄጄ እራት የቀረበልኝ ለምንድነው? እኔ እዚህ ስኖር ለዘመድም ለጓደኛም ስመልስ የቆየሁትን ነው ሰብሰብ አድርጌ የምጽፍላችሁ፣ ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ከያዛችሁ ግማሹ ጥያቄ ራሱ ይመለሳል። እንግሊዞች አሮጌ ነገር አይጥሉም። አዲስ ሕግ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አሮጌው ላይ ይደርቡታል እንጂ አሮጌውን ነቅለው አይጀምሩም፣ እንደ አብዛኛው አገር በአንድ ጥራዝ የተጻፈ ሕገ መንግሥት እንኳን የላቸውም፣ ያላቸው በየዘመኑ የወጣ ሕግና ልማድ ነው። ስለዚህ ግራ የገባችሁ ነገር ሲኖር "ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዛው ውስጥ ነው ያለው።

መጀመሪያ አገሩን ለዩ

እኛ ሁሉንም እንግሊዝ እንላለን እንጂ እንግሊዝ ዩኬ የሚባለውን መንግሥት ከሠሩት አራት አገሮች አንዷ ብቻ ናት፣ ሌሎቹ ዌልስ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ናቸው። ዌልስ በሄንሪ ስምንተኛ ጊዜ በ1536 በወጣ ሕግ ተጠቃለለች፣ ስኮትላንድ በ1707፣ አየርላንድ በ1801 ተቀላቀሉ፣ ከዛ በ1922 አብዛኛው አየርላንድ ወጥቶ ሰሜኑ ቀረ። ስኮትላንዳዊን "እንግሊዛዊ ነህ አይደል?" ብትሉት ይከፋዋል፣ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ብሪቲሽ ማለት ይሻላል። ይሄ ልዩነት ኪሳችሁ ድረስ ይመጣል ደግሞ። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት እንግሊዝ ውስጥ ስትወስዱ ለአንዱ ዓይነት ወደ 10 ፓውንድ ትከፍላላችሁ፣ ካርዲፍ ወይም ግላስጎው ያለ ዘመዳችሁ ግን በነጻ ነው የሚወስደው። እንግሊዝ ውስጥም ቢሆን ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና 60 ዓመት የሞላቸው አይከፍሉም፣ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ኤችሲ1 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ይጠይቅ፣ ጥገኝነት ጠይቃችሁ መንግሥት እየረዳችሁ ከሆነ ደግሞ ኤችሲ2 የሚባል ወረቀት ይሰጣችኋል እሱን ፋርማሲ ማሳየት ነው። ብዙ ሰዎች ይሄን ሳያውቁ መድኃኒት ሳይወስዱ ሲቀሩ ስላየሁ ነው አስረግጬ የምናገረው።

ታሪኩን እንዴት እንያዘው?

የነገሥታቱን ስም በሙሉ ለመሸምደድ አትድከሙ። ጥቂት ዓመቶች ያዙ፣ እያንዳንዱ ዛሬ በዓይናችሁ የምታዩት ነገር ትቶ አልፏል።

1066 ላይ የኖርማንዲው (ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ነው) ዊሊያም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ሄስቲንግስ ላይ ንጉሥ ሃሮልድን አሸነፈ። ከዛ በኋላ ለረጅም ዘመን ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ ነበር የሚናገረው። ለንደን ያለው ታወር፣ ጎብኚ የሚሰለፍበት፣ እሱ ያስጀመረው ነው።

1215 ላይ ንጉሥ ጆን ከመኳንንቱ ጋር ተጣልቶ ሲያበቃ ቴምዝ ወንዝ ዳር ረኒሚድ የሚባል ሜዳ ላይ ማግና ካርታ የሚባለውን ሰነድ ማኅተም አደረገ። ነጻ ሰው ያለ ሕግና ያለ ፍርድ አይታሰርም የሚለው ቃል ያለው እዛ ላይ ነው። ይሄ እናንተን እንዴት ይነካችኋል ካላችሁ፣ ዜግነት አግኝታችሁ መራጭ ሆናችሁ ከተመዘገባችሁ በኋላ አንድ ቀን ለጁሪ ተጠርታችኋል የሚል ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ፣ ማንም አልከሰሳችሁም። ወንጀል ችሎት ውስጥ 12 ተራ ሰው ተቀምጦ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚል ፍርድ ይሰጣል፣ ከ12ቱ አንዱ እንድትሆኑ ነው የተፈለገው። ዝም ማለት ግን ቅጣት አለው፣ ካልቻላችሁም ምክንያታችሁን ጽፋችሁ መልሱ።

ቀጥሎ ሄንሪ ስምንተኛ። ሚስቱን ልፍታ ሲል የሮማው ፓፓ እምቢ አለው፣ በ1534 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ እኔ ነኝ የሚል ሕግ አስወጣ። ስድስት ሚስት አግብቶ ሁለቱን አንገታቸውን ማስቀረጡ ሁሉም የሚያወራው ነው፣ ዋናው ነገር ግን ያ ሕግ የወለደው ነው፦ እስከ ዛሬ ድረስ የቤተ ክርስቲያናቸው የበላይ ንጉሡ ነው፣ 26 ጳጳሳትም የላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አላቸው። "እነዚህ ሰዎች ሃይማኖት የላቸውም፣ ታዲያ ጳጳስ ፓርላማ ውስጥ ምን ይሠራል?" ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይሄ ነው። ሰዉ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ቢቀንስም ሥርዓቱን ያነሳው የለም።

ከዛ ንጉሡ ሥራው ምንድነው የሚለው። በጃንዋሪ 1642 ቻርልስ አንደኛ አምስት የምክር ቤት አባላትን ለማሰር ወታደር ይዞ የታችኛው ምክር ቤት ገባ፣ ሰዎቹ ግን ቀድመው አምልጠዋል። በዛው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ፣ በ1649 ንጉሡ በአደባባይ አንገቱ ተቆረጠ፣ አገሩም ለ11 ዓመት ያለ ንጉሥ ቆየ፣ መጀመሪያ ፓርላማው በኋላ ኦሊቨር ክሮምዌል ገዙ፣ በ1660 የሟቹ ልጅ ተጠርቶ ነገሠ። ከ1642 ወዲህ የታችኛው ምክር ቤት ተሰብስቦ ሳለ አንድም ንጉሥ ወይ ንግሥት አዳራሹ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ፓርላማ በሚከፈትበት ቀን ቴሌቪዥን ክፈቱና እዩ፣ ንጉሡ የላካት ወይም የላከው ሰው ሲደርስ በሩን ፊቱ ላይ ይዘጉበታል፣ በዘንግ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ነው የሚከፈትለት። ፓርላማ በተከፈተ ቁጥር የሚደገመው ይሄ ነገር የ1642ቱን ማስታወሻ ነው። በ1689 በወጣው የመብቶች ሕግ ደግሞ ንጉሥ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር መጣልም ሕግ መሻርም አይችልም ተባለ። እና ዛሬ ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ ይፈርማል፣ ይቀበላል፣ ይመርቃል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በየሳምንቱ ያነጋግራል፣ የሚገዛው ግን ፓርላማው ነው።

ድምፅ መስጠትን በተመለከተ፣ ሴቶች በ1918 ከ30 ዓመት በላይ የሆኑት ብቻ ነበር የተፈቀደላቸው፣ ከወንድ እኩል የሆኑት በ1928 ነው። እኛን የሚነካው ግን ሌላ ነው፤ የኬንያ ወይ የናይጄሪያ ጓደኛችሁ ዜግነት ሳይኖረው እንግሊዝ ውስጥ ሲመርጥ ታዩና ትገረማላችሁ። እነሱ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆኑ ነው። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፣ ስለዚህ እንግሊዝ ውስጥ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መራጭ መሆን አይቻልም።

የመጨረሻው 1948። ጁላይ 5 ቀን ኤንኤችኤስ የሚባለው የመንግሥት የጤና አገልግሎት ተጀመረ፣ ያቋቋመው የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ነው፣ የዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ፣ ራሱም በልጅነቱ ማዕድን ውስጥ የሠራ። እንግሊዞች ስለ ሃይማኖት ስታወሯቸው ዝም ብለው ይሰሟችኋል፣ ኤንኤችኤስን ስትነኩባቸው ግን ድምፃቸው ይለወጣል።

የኛ ታሪክ እዚህ አገር የት አለ?

ይሄን ልጆቻችሁን ይዛችሁ በእግራችሁ እንድትሄዱበት እፈልጋለሁ። በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ላይ ሲደርስ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፣ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ገና ሕፃን ሆኖ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞተ። የተቀበረው ዊንዘር ቤተ መንግሥት ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠራችለት የነሐስ ሰሌዳ ላይ ከማቴዎስ ወንጌል "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" የሚለው ቃል ተጽፏል። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ቀርቧል፣ በ2023 ቤተ መንግሥቱ ሌሎች መቃብሮችን ሳንነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም፣ መጠየቃችንንም መተው የለብንም። ዊንዘር ለመግባት ቲኬት ያስፈልጋል፣ እሑድ ግን ጸሎት ቤቱ ለቅዳሴ እንጂ ለጉብኝት ክፍት ስላልሆነ ሌላ ቀን ምረጡ።

ከመቅደላ የተወሰደው ንብረት ብዙው ለንደን ነው። የወርቅ ዘውዱ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ይገኛል፣ ብራናዎቹ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 11 ታቦት አለው፣ ለማንም አይታይም፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው አያዩትም። ሙዚየሞቹ መግቢያቸው ነጻ ነው። ሌላው ባዝ ከተማ ነው፤ ጃንሆይ ጣልያን አገራችንን ሲወር ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እስከ አሁን ቆሟል፣ በ1958 ለከተማው አረጋውያን እንዲሆን ሰጥተውታል። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት የሚሆንበትን ቀን አረጋግጡ።

ቀኑና ሰዓቱ

እኛ የራሳችን ካላንደር ስላለን ይሄ ክፍል ይጥማችኋል። እንግሊዞችም ለረጅም ጊዜ ከሌላው አውሮፓ በቀን ወደኋላ የቀሩ ነበሩ፣ አዲስ ዓመታቸውም ማርች 25 ነበር፣ በጽንሰቱ በዓል። በ1752 ካላንደሩን ሲቀይሩ ሴፕቴምበር 2 ተኝተው ሴፕቴምበር 14 ነው የተነሱት፣ 11 ቀን ተዘለለ። ግብር ሰብሳቢው ግን አንዲት ቀን እንድትጎድልበት ስላልፈለገ የሒሳብ ዓመቱን ወደፊት ገፋው፣ ለዛ ነው እስከ ዛሬ የታክስ ዓመት ኤፕሪል 6 የሚጀምረው። ራሳችሁን ችላችሁ የምትሠሩ፣ ዴሊቨሪም ታክሲም፣ የአሮጌውንና የአዲሱን ዓመት ደረሰኝ በዚህ ቀን ለዩ፣ የታክስ ፎርሙን ኦንላይን ለማስገባት የመጨረሻው ቀን የሚቀጥለው ጃንዋሪ 31 ነው።

ባንክ ሆሊዴይ የሚሉት በዓል እንግሊዝ ውስጥ በዓመት ስምንት ነው፣ በ1871 ባንኮች እንዲዘጉ በወጣ ሕግ ስለጀመረ ነው ስሙ። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ነው፣ ፋሲካችንም አንዳንድ ዓመት ከነሱ ጋር ይገጥማል ብዙ ጊዜ ይለያል፣ ስለዚህ ፈቃድ ቀደም ብላችሁ በመስከረምና በጥቅምት ጠይቁ። ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው በሕግ ቢያንስ 28 ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት አለው፣ አሠሪው ግን ባንክ ሆሊዴዮቹን ከዛ ውስጥ ሊቆጥራቸው ይችላል፣ ውላችሁን አንብቡ። ዲሴምበር 25 ቀን ደግሞ ባቡር የለም፣ ለንደን ውስጥ አውቶቡስም ሜትሮም የለም፣ ወይ ዘመድ ቤት ማደር ወይ መኪና ያለው ሰው መለመን ነው።

ጾም ከመግባቱ በፊት ያለችው ማክሰኞ ፓንኬክ ይጋገራል፣ ይሄ የኛ ቅበላ ነው፣ እንቁላሉና ወተቱ ቤት ውስጥ እንዳይቀር። ዛሬ የሚጾመው ጥቂት ነው፣ ፓንኬኩን ግን ሁሉም ይበላል። የእናቶች ቀንም አሜሪካ ካሉት ዘመዶቻችሁ ጋር አይገጥምም፣ እዚህ በነሱ ሁዳዴ አራተኛ እሑድ ነው የሚውለው። ኖቬምበር 5 ማታ ርችት ሲንጣጣ ከጦርነት አገር የመጣ ሰው ይደነግጣል፣ ቀድማችሁ ንገሩት፦ በ1605 ጋይ ፎክስና ጓደኞቹ ፓርላማውን ከነንጉሡ በባሩድ ሊያፈነዱ ሲሉ የተያዙበት ቀን ነው። በዛው ሰሞን ሰዉ ደረቱ ላይ የወረቀት ቀይ አበባ ያደርጋል፣ ኖቬምበር 11 በነሱ 11 ሰዓት ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል፣ ጦርነት ላይ ለሞቱት ነው፣ ሱቅ ውስጥም ብትሆኑ ቆም በሉ።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ብቻ ልጨምር። "ሃፍ ሲክስ" ማለት 6፡30 ነው፣ በኛ 12 ሰዓት ተኩል። ከጀርመን የመጣችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፣ እዛ 5፡30 ነበር። ማርች መጨረሻ እሑድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል፣ ኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ይመለሳል፣ ከዛ በኋላ ዲሴምበር ላይ በኛ 10 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል። መጀመሪያው ክረምት ለሁሉም ከባድ ነው፣ ቀን ላይ ወጣ በሉ።

ንግግራቸውን እንዴት እንስማው?

እዚህ ላይ እኛ ከብዙ ሰው የተሻልን መሆን አለብን፣ ሰምና ወርቅ ያደግንበት ነገር ነው። እንግሊዝም ሰሙን ይሰጣችኋል፣ ወርቁን እናንተ ፈልጉት። "ዩ ኦራይት?" ሲላችሁ ታማችኋል ወይ ብሎ አይደለም፣ ሰላምታ ነው፣ "ያ፣ ዩ?" ብላችሁ እለፉ። እኛ የቤተሰብ፣ የልጅ፣ የከብት ደህንነት ጠይቀን ነው ወደ ጉዳይ የምንገባው፣ እሱ ግን መራመዱን እንኳን ላያቆም ይችላል፣ ንቀት እንዳይመስላችሁ። "ኖት ባድ" ካለ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አለቃችሁ ሥራችሁን አይቶ "ኢንተረስቲንግ" ብሎ ዝም ካለ ግን ብዙውን ጊዜ አልወደደውም፣ "ምን ላስተካክል?" ብላችሁ ጠይቁት። "አንድ ቀን ቡና እንጠጣ" ካሏችሁ ደግሞ ቀንና ቦታ እስኪጠሩ ድረስ ቀጠሮ አይደለም፣ ስልካችሁን ይዛችሁ አትጠብቁ።

ሶሪ የሚሉት እግራቸውን ስትረግጧቸውም ጭምር ነው። ለማለፍ፣ ለመጠየቅ፣ ያልሰሙትን ለማስደገም፣ ለሁሉም ሶሪ ነው። እናንተም አብዙት፣ ፕሊስና ታንክ ዩም እንደዛው። አማርኛችን አክብሮቱን ግሡ ውስጥ "ይስጡኝ" ብሎ ስለጨረሰው ወደ እንግሊዝኛ ስንገለብጥ "ስጠኝ" ብቻ ይቀርና ባለጌ እንመስላለን፣ ሰው ቅር ሲለው ምክንያቱ አይገባንም። አለቃን በስሙ ብቻ መጥራት ይከብዳል አውቃለሁ፣ ግን ጥሩት፣ ራሱ ነው የሚፈልገው። ሆስፒታል ስትገቡ ደግሞ ሐኪሙን "ሚስተር" ሲሉት ብትሰሙ ሐኪም አይደለም ብላችሁ አትፍሩ። ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፣ በሄንሪ ስምንተኛ ጊዜ በ1540 ቀዶ ጥገና የሚያደርጉትና ጸጉር አስተካካዮቹ አንድ ማኅበር ነበሩ፣ እስከ 1745 አልተለያዩም፣ ዶክተር አይባሉም ነበር። ዛሬ ዶክተር ሆነው ተምረው ስፔሻሊስት ሲሆኑ ወደ "ሚስተር" ወይ "ሚስ" ይመለሳሉ፣ እንደ ክብር ነው የሚያዩት።

የስም ነገር ብዙ ሰው ያስቸግራል። ፎርሙ ሰርኔም ሲል የአባታችሁን ወይም የአያታችሁን ስም ልክ ፓስፖርታችሁ ወይም ቪዛችሁ ላይ እንዳለው አድርጉ፣ ፊደሉን አንዴ ከመረጣችሁ በየቦታው አትቀያይሩ፣ ባንክ ሌላ ጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ሌላ ከሆነ ዕዳው በኋላ ነው የሚመጣው። እናትና ልጅ ሰርኔማቸው ስለማይገጥም ኤርፖርት ላይ እናትየው ትጠየቃለች፣ የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ ያዙ።

ግብዣ፣ ሻይና ፐብ

ከሁሉም በላይ ሐበሻን የሚያስርበው ይሄ ነው። እኛ ዘንድ "ብሉ" ሲባል መጀመሪያ "በቃኝ" ይባላል፣ ከዛ "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን" ተብሎ ተለምኖ ነው የሚበላው። እንግሊዝ አንዴ ይጠይቃል። "ኖ ታንክ ዩ" ካላችሁ አመስግኖ ሳህኑን ያነሳል፣ ቃላችሁን ማክበሩ ነው። ስለዚህ ከራባችሁ በመጀመሪያው "የስ ፕሊስ" በሉ። እነሱ እናንተ ቤት ሲመጡ ደግሞ ሦስት ጊዜ ብትለምኗቸው ይጨነቃሉ፣ ሳህናቸው ላይ የቀረውን በግድ ይጨርሳሉ፣ ጉርሻ ከመስጠታችሁ በፊት ምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ ሲገባቸው ደስ ብሏቸው ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። ሳይደውሉ ቤት ብቅ ማለት የለም። ስትጠሩ ሰዓቱ ላይ ወይ አምስት አሥር ደቂቃ ዘግይታችሁ ድረሱ፣ አበባ ወይ ቸኮሌት ወይ ወይን ያዙ፣ በማግስቱ የምስጋና ቴክስት ላኩ።

"ለቲ ና" ሲባል ጠያቂው ከየት እንደሆነ እዩ። ሰሜን እንግሊዝ፣ ማንቸስተር፣ ሊድስ፣ ኒውካስል አካባቢ ብዙ ሰው ዲነር የሚለው ምሳን ነው፣ ቲ የሚለው እራትን ነው። ደቡብ ላይ ሻይና ኬክ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ብትጠይቁ ይገባችኋል፣ በኛ 11 ሰዓት ተኩል ከሆነ እራት ነው። ሻይ ራሱ ለነሱ የጥንት አይደለም፣ በ1600ዎቹ ነው የገባው፣ ቻርልስ ሁለተኛ በ1662 ያገባት የፖርቹጋሏ ካትሪን ቤተ መንግሥት ውስጥ ፋሽን አደረገችው፣ በ1784 ቀረጡ ሲቀነስ ድሃውም ቤት ገባ። ቦይለር ሊሠራ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ሻይ ይቀርባል፣ ወተት ያለው፣ ስኳሩን ጠይቁት።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ረጅም ማብራሪያ አትስጡ፣ "ቪገን" በሉ በቃ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣም የሌለበት ማለት ነው። የቪገኖች ማኅበሩም ቃሉም በ1944 እዚሁ እንግሊዝ አገር ነው የተፈጠሩት፣ ዛሬ ትንሹ ካፌ ሳይቀር ሜኑው ላይ ይጽፈዋል።

ፐብ ውስጥ አስተናጋጅ እስኪመጣ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ አዝዛችሁ ከፍላችሁ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከሥራ ባልደረቦች ጋር ከሆናችሁ ራውንድ የሚባል አለ፣ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። ተጋብዛችሁ ጠጥታችሁ ተራችሁ ሳይደርስ መሄድ ይታወሳል። አልኮል ካልጠጣችሁ ለስላሳ ወይ ላይም ኤንድ ሶዳ እዘዙ፣ ማንም ምንም አይልም፣ አለመጠጣት አብሮ ላለመሄድ ምክንያት አይሁናችሁ፣ የሥራ ቦታ ወዳጅነት ብዙው እዛ ነው የሚሠራው።

ቤቱና ቢሉ

ሁለቱ ቧንቧ። ድሮ ሙቁ ውሃ የሚመጣው ጣሪያ ሥር ካለ ታንከር ነበር፣ ቀዝቃዛው ደግሞ በቀጥታ ከዋናው መስመር፣ ታንከሩ ውስጥ የቆመው ውሃ ለመጠጥ ስለማይሆን ሁለቱ እንዳይገናኙ ለየብቻ ተደረጉ። የምትጠጡትን ከኩሽና ቀዝቃዛው ቧንቧ ቅዱ። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ማብሪያው በገመድ የሚጎተተው በእርጥብ እጅ ኤሌክትሪክ እንዳትነኩ ነው።

ካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈል የቤት ግብር) እንግሊዝ ውስጥ የሚሰላው ቤቱ በኤፕሪል 1991 ቢሸጥ ስንት ያወጣ ነበር በሚል ግምት ነው፣ ዛሬም ድረስ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ 25 በመቶ ይቀነስላችኋል ግን ራሳችሁ ማመልከት አለባችሁ፣ ማንም መጥቶ አይነግራችሁም። ቲቪ ላይሰንስ (ቴሌቪዥን ለማየት የሚከፈልበት ፈቃድ) የሚያስፈልገው በየትኛውም ቻናል ላይቭ የምታዩ ወይም የቢቢሲን አይፕሌየር የምትጠቀሙ ከሆነ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ የተቀመጠ ቪዲዮና ኔትፍሊክስ ላይ ፊልም ብቻ ከሆነ አያስፈልግም፣ ደብዳቤ ሲመጣ ኦንላይን ገብታችሁ አሳውቁ።

ጂፒ ጋ ተመዝገቡ፣ ሳትታመሙ። እንግሊዝ ውስጥ ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃም የመኖሪያ ፈቃድም በግድ አምጡ አይባልም፣ ሪሴፕሽን ላይ ከጠየቋችሁና ከሌላችሁ በትሕትና ይሄንኑ ንገሯቸው። ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ፣ አትከፍሉበትም፣ ልጅን ለእናቱ ሕመም አስተርጓሚ ማድረግ ልጁንም እናቱንም ያሸማቅቃል። ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 999፣ ካልሆነ 111 ደውሉ።

ኪሎሜትርና ማይል፣ ሊትርና ፓይንት ተደባልቆ ነው የምታገኙት። መንገዱ በማይል፣ ቤንዚኑ በሊትር፣ ቢራው በፓይንት፣ የሰው ክብደት በስቶን፣ አንዱ ስቶን 6.35 ኪሎ ነው። ገንዘባቸው እንኳን እስከ ፌብሩዋሪ 1971 ድረስ አንዱ ፓውንድ 240 ፔንስ ነበር።

ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ ፈተና

ለቋሚ መኖሪያ ወይም ለዜግነት የምታመለክቱ ከላይ ያልኳቸው ዓመቶች እዚህ ይጠቅሟችኋል። 24 ጥያቄ ነው፣ 45 ደቂቃ፣ ለማለፍ 18 ማግኘት፣ ክፍያው 50 ፓውንድ። ከ18 ዓመት በታች የሆነና 65 ዓመት የሞላው አይፈተንም። ኦፊሴላዊው መጽሐፍ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ ታገኙታላችሁ፣ ከዛ ውጪ የሆነ ነገር አይጠየቅም። ታሪኩን በአማርኛ አንዴ ለልጃችሁ ወይ ለባለቤታችሁ አውሩት፣ ያወራችሁት አይጠፋም፣ ከዛ በኋላ ነው እንግሊዝኛ ልምምዱ የሚገባው። ስትመዘገቡ የጻፋችሁት ስምና የምትይዙት መታወቂያ ላይ ያለው ስም በፊደል ካልገጠመ አያስገቧችሁም፣ ገንዘባችሁም አይመለስም። ብትወድቁ ከሰባት ቀን በኋላ እንደገና መመዝገብ ይቻላል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ።